የእናቴ ሙሾ፣ የአባቴ ገመድ

ጃዝ ማን አስተማረህ ብለው ሲጠይቁኝ "እናቴ" እላለሁ፤ ይስቃሉ። አንድ ጊዜ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስቱዲዮ ጠርታኝ ይህንኑ ጠየቀችኝ። እናቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሙሾ አውራጅ እንደሆነች፣ ጊታር በእጇ ነክታ እንደማታውቅ፣ ጣቶቼ ዛሬ የሚያደርጉትን ግን ከእሷ ጉሮሮ እንደቀዳሁት በሰፊው ነገርኳት። ፕሮግራሙ የሚተላለፍ ቀን ጓደኞቼን ሰብስቤ ሬዲዮ ከፈትኩ። የእናቴ ነገር የለም። ቆርጠው አውጥተውታል። በምትኩ ጋዜጠኛዋ እኔ ስማቸውን ያልጠራኋቸውን የአሜሪካ ጊታሪስቶች ደርድራ "የእነዚህ ተጽዕኖ በግልጽ ይታይበታል" አለች። ያን ቀን የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እንግዲህ ማንም በማይቆርጠው ቦታ ልጻፈው።

አባቴ ጊታር ተጫዋች ነው። በወጣትነቱ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበር፤ ቡድኑ ሲበተን ጊታሩ እሱ ጋ ቀረ፣ መልስ ያለውም የለም። ከዚያ ወዲያ የአካባቢው ሰርግ የእሱ ሆነ። አጎቴ ኦርጋኑን፣ የአክስቴ ባል ከበሮውን፣ አባቴ ጊታሩንና አንዲት አሮጌ አምፕሊፋየር ተሸክመው ከጀውሃ እስከ ማጀቴ ያልገቡበት ዳስ አልነበረም። ክር ሲበጠስ ከየት ይምጣ? አባቴ ጋራዥ ሄዶ ያረጀ የፍሬን ሽቦ ይለምናል፣ ይተረትረዋል፣ ከመሐሉ አንዷን ቀጭን መዞ ጊታሩ ላይ ያስራታል። እኔ የለመድኩት በዚያ ሽቦ ነው። ጣቴ ደምቶ ሳለቅስ "ጥፋቱ የሽቦው ነው፣ አንተ ጎበዝ ነህ" ይለኝና ሌላ ጣቴን ያስቀምጥልኛል።

ሰው አባቴን ይወደው ነበር እንዳትሉኝ። ሰው የሚወደው እስክስታውን ነው። በዚያ የሮቢት ሙቀት ከዳሱ ጀርባ፣ ወጥ የሚሠራበት እሳት አጠገብ ያስቀምጧቸዋል። ምግብ የሚደርሳቸው ሁሉም በልቶ ሲነሳ ነው። ፀጉሩ የሸበተውን ሰውዬ ትናንት የተወለደው ሁሉ "አንተ፣ ሞቅ አድርጋት እንጂ!" ይለዋል። ጎረቤቱን "ጋሼ" ብሎ የሚያልፍ ወጣት አባቴ ጋ ሲደርስ ምላሱ ይለወጣል። በእነሱ ቤት አዝማሪ አይከበርም።

ከሁሉ የሚያንጨረጭረኝ ግን የሶኬቱ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ መመረቅ ሲፈልጉ ወይም አንዱ ንግግር ሲያምረው "እባክህ አቁምልን" የሚል ሰው የለም። ተነስቶ ሶኬቱን ይነቅላል፣ በቃ። ዘፈኑ መሐል ላይ ነው፣ የአባቴ ጣቶች ገና ክሩ ላይ ናቸው፣ ድምፁ ቀጥ ይላል። አባቴ ቀና ብሎ የነቀለውን ሰው ያይና "እሺ ጌታዬ" ይላል። ከዚያ ገመዱን መሬት ላይ ተጥሎ እንዳይረገጥ በመዳፉና በክርኑ መሐል እየጠመጠመ ይሰበስበዋል። ተመልሶ እስኪሰኩለት ድረስ ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው ወንድም ይህን ሦስቴ አደረገው፤ በሦስተኛው ሶኬቱን ነቅሎ ሊስቅ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። አባቴ ያኔም "እሺ ጌታዬ" አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ለምን ዝም አልክ ብዬ አፋጠጥኩት። "ቤቱ የእነሱ ነው፣ መብራቱም የእነሱ ነው" አለኝ። ያ የሙሽራው ወንድም ኋላ ላይ የእድራችን ዳኛ ሆኗል።

እናቴስ? እናቴ በዚያችው ከተማ ስትገባ ወንበር ይለቀቅላታል። ሰው ሲሞት ከሬሳው ቀጥሎ የምትጠበቀው እሷ ናት። "እትዬ ደረሱ!" ሲባል ሴቶቹ መንገድ ይከፍታሉ። በዜማው ከሄድን እናቴና አባቴ አንድ ናቸው፤ እሱ ሰርግ ላይ የሚመታትን ትዝታ እሷ ለቅሶ ላይ ታወርዳታለች። አንዱን አዝማሪ ብለው ጭስ ውስጥ ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው ሌላዋን እትዬ ብለው ምንጣፍ ያነጠፉላት። ይህን ልጅ ሆኜም ልረዳው አልቻልኩም፣ አሁንም አልገባኝም።

ሥራዋን ደግሞ እንዲሁ አትሠራውም ነበር። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ፈጥና አትጮህም። መጀመሪያ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት የሚልጡትን ሴቶች ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? ሲስቅ እንዴት ነበር? የማን ማሳ ላይ ነው የኖረው? ከዚያ ወጥታ ትቆምና ሟቹን ከነአረማመዱ ታመጣዋለች። ሮቢት ወንዝ ዳር የሰው ሽንኩርት ሲኮተኩት ዕድሜውን ለጨረሰ አንድ የቀን ሠራተኛ ያወረደችለትን አልረሳውም፦

ሽንኩርት ሲኮተኩት ጎንበስ ብሎ ውሎ፣
ወገቡ ሳይቃና አፈር ገባ ቶሎ።

ያን ሰው በሕይወት ሳለ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። በዚያን ዕለት ግን ባለማሳዎቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው አለቀሱ።

እኔ የምሰማው የመጨረሻዋን ድምፅ ነበር። "ቶሎ" ስትል ድምፅዋ ከሚጠበቀው ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይንሸራተታል፤ ወዲያ ማዶ ሳይደርስ መሐል ላይ ይቆያል፤ ሰውም እዚያ ላይ ነው የሚያለቅሰው። ቤት ገብቼ በፍሬን ሽቦው ልደግመው እሞክራለሁ። ሽቦውን ገፋ አድርጌ አጠብቅና ቀስ እያልኩ እለቃለሁ። እናቴ ልብስ እያጠበች ትሰማኛለች። "ጣልከው" ትለኛለች። "አውርደው እንጂ አትጣለው። የተኛ ሕፃን ከጀርባህ ስታወርድ እንዴት ነው?" ከዚያ በኋላ ስንት መምህር አስተማረኝ፤ ከዚህ የበለጠ ነገር የነገረኝ የለም።

ከአጥራችን ወዲያ የምትኖር አንዲት እስላም ጎረቤት ነበረችን፤ የማሾ ነጋዴ። የመጀመሪያ ልጇ ሹፌር ነበር፣ ጀውሃ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። በእነሱ ዘንድ ድምፅ አውጥቶ ሙሾ ማውረድ አይወደድም፤ ወንዶቹም "ሶብር አድርጊ፣ ቻይው" እያሉ አጠገቧ ተቀመጡ። እናቴ ሄደች። ቃል አልተነፈሰችም። የሴትዮዋን ራስ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ ብቻ አንዲት ዜማ ስታንጎራጉርላት ዋለች። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ማንም ወንድ እናቴን ዝም በይ አላላትም።

ጃዝን በስሙ ያወቅሁት ጀውሃ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ካሴት አስከፍቶ ምሳውን ይበላል። ጊታር ነው፤ ዘፋኝ የለም። አባቴ ለረጅም ጊዜ ጠበቀና "ዘፋኙ ምን ሆኖ ቀረ?" ብሎ ሹፌሩን ጠየቀው። ሹፌሩ ሳቀና "ጃዝ ነው፣ ዘፋኝ የለውም" አለው። እኔ ግን ዘፋኟን እየሰማኋት ነበር። ጊታሩ ከሚጠበቀው ቦታ ዝቅ ብሎ ይንሸራተትና መሐል ላይ ይቆያል። እናቴ ናት! በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው ጣት፣ እናቴን ሰማኋት። ሹፌሩ ካሴቷን ሰጠኝ፤ እስክትበላሽ ድረስ አዳመጥኳት።

አዲስ አበባ ሙዚቃ ልማር ስገባ መምህሬ መጀመሪያ ያሰማሁትን አስቆመኝ። "ድምፁ ከኖታው በታች ነው። ጊታርህን ቃኘው" አለኝ። ጊታሬ የተቃኘ ነበር። ደገምኩት። "አሁንም ስህተት ነው። የገጠር ልማድ ነው፣ ይለቅሃል" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እሱ ራሱ የአንድ አሜሪካዊ ሙዚቃ ይዞ መጣና አስደመጠን። ሰውዬው ያንኑ አደረገ፤ ያችኑ ድምፅ፣ ያችኑ ቦታ ላይ አወረዳት። መምህራችን ዓይኑን ጨፍኖ "ይህ ብሉ ኖት ይባላል፤ ሊቅነት ማለት ይህ ነው" አለን። እኔ ሳደርገው የገጠር ልማድ፣ አሜሪካዊ ሲያደርገው ሊቅነት! ተነስቼ ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ ምክንያቱም ዲፕሎማውን እፈልገው ነበር። እሱን ግን ይቅር አላልኩትም።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ በየሆቴሉ ጃዝ መጫወት ከጀመርኩ ወዲያ፣ የሮቢት እድራችን ስብሰባ አድርጎ ሙሾን ከለከለ። ያ ሶኬት ነቃይ ዳኛ ሆኗል አላልኳችሁም? ሐዘን ዘመናዊ ይሁን አለ። ጩኸት ይቅር፣ ሙሾ ይቅር፣ ከደሴ የተገዛ ድምፅ ማጉያ አለ፣ መዝሙር ይከፈት፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበብ። በመዝሙር ላይ ምንም የለኝም፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ሰው ከፍላሽ የሚወጣ መዝሙር ሲከፈትለት ሌላውም ያው ሲከፈትለት፣ ሽንኩርት ኮትኳቹና ባለማሳው አንድ ዓይነት ሲለቀስላቸው፣ ማን እንደሞተ በምን ይታወቃል? ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። እጅ አውጥተው አጸደቁት። እናቴም ስብሰባው ላይ ነበረች። ማንም ወደ እሷ ዞሮ አላየም።

ሥራዋን ነው የቀሟት። ጡረታ እንኳ ምስጋና አለው። ስልክ ስደውልላት "ለቅሶ ሲሉኝ እሄዳለሁ፣ እንደ ጆንያ ቁጭ ብዬ እመጣለሁ" ትለኛለች። ሰዉ ተቀምጦ ሲያወራ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ፣ የእሷ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል ይሉኛል። አንድ ቀን ይህን አለችኝ፦ "ስማኝ ልጄ። ሀውልት አልጠይቅህም፣ ድግስም አልጠይቅህም። እኔን ግን በማሽን እንዳትሸኙኝ።"

እሺ አልኳት። ምን ብዬ እንቢ እላለሁ?

የእናቴ መርዶ በስልክ የመጣኝ ልምምድ ላይ ሳለሁ ነው። ጊታሬን የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም፤ ከነማህደሩ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ስለ ጊታሩ አንዴም አላሰብኩም። ሮቢት ስወርድ ግን ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ሰዉ የሚያየው እኔን ሳይሆን ጀርባዬን ነበር። ቤት ደጃፍ ሳልደርስ የእድሩ ሰዎች ተቀበሉኝ። "ለእናቱ ለቅሶ ጊታር ይዞ መጣ!" አለች አንዷ፣ እንድሰማት ብላ። ሰው እናቱ ሞታበት ዘፈን ሊዘፍን የመጣ መሰላቸው። የእድሩ ዳኛ ማህደሩን ከትከሻዬ ላይ አወለቀ፣ "እኛን አታሰድበን" አለኝ፣ ወስዶ የእናቴ አልጋ ስር ከተተው። ማንም እንዳያየው ከፊቱ የማሾ ጆንያ ጎተተበት። እኔ ገና እናቴን አላየኋትም ነበር።

ቀብሯ ላይ አንድም ሙሾ አልተሰማም። እናቴን ዕድሜ ልካቸውን ሙሾ ሲቀበሏት የኖሩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይሄዳሉ። ድምፅ ማጉያው ባጃጅ ላይ ተጭኖ ከፊት ከፊት ይጮሃል። ዳኛውን ጥግ አስይዤ እናቴ ምን እንዳለችኝ ነገርኩት።

"ሕጉ ለእናትህ ተብሎ አይሻርም" አለኝ።

"ሕጉ የወጣው በእናቴ ላይ ነው!" አልኩት። "ሌላ ማን ነበር ሙሾ የሚያወርደው?"

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ምርኩዝ ይዟል፣ ዓይኑም ደክሟል። "ተው ልጄ። እሺ በል" አለኝ። እንደዚያን ቀን አባቴን ጠልቼው አላውቅም። ሚስቱን እየቀበረ እንኳ እሺ ጌታዬ!

በሰልስቱ ከቀትር በኋላ ዳሱ ሞልቷል። ሙቀቱ ሸራውን አልፎ ይጠብሳል። ሰዉ የሽንኩርት ዋጋ ያወራል። ድምፅ ማጉያው ከአባቴ ወንበር ኋላ ቆሞ ይጮሃል፤ ገመዱ ከቤታችን በመስኮት ወጥቶ ነው የመጣው። ከዚያ መብራት ሄደ።

ጸጥታው አስደነገጠን። ዳሱ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ጸጥታ አልነበረም። ዳኛው ጄኔሬተር ያለው ሰው እየጠየቀ ወደ ደጅ ወጣ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሐል አንዲት ድምፅ ሰማሁ። አፍ የተገጠመበት፣ በአፍንጫ ብቻ የሚወጣ። ያቺ እስላም ጎረቤታችን ናት። እናቴ ለልጇ ያንጎራጎረችላትን ዜማ፣ ስንት ዓመት ይዛ ቆይታ፣ እየመለሰችላት ነው።

ከእድሩ ሰዎች አንዱ ዞሮ "እትዬ፣ ክልክል ነው እኮ" አላት።

"እኔ የእናንተ እድር ውስጥ የለሁበትም" አለችው። "የኔ ልጅ የሞተ ለት እሷ ዝም አላለችም። እኔም ዝም አልልላትም፣ ወላሂ!"

ሴትዮዋ ቀጠለች። ከዚያ ከእናቴ ተቀባዮች አንዷ፣ ትልቋ፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች፦

የሁሉን ቤት ሐዘን ተሸክመሽ ኖረሽ፣
ምነው ባንቺ ተራ ብረት አለቀሰሽ።

"አለቀሰሽ" ስትል ድምፅዋ ዝቅ ብሎ መሐል ላይ ቆየ። አልጣለችውም፤ አወረደችው። ዳሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች በአንድ ጊዜ ተነሱ፣ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወራ የነበረው ሰውዬም ሲያለቅስ አየሁት።

መብራት መጣ።

ድምፅ ማጉያው ካቆመበት ጀምሮ ጮኸ። የትልቋ ሴትዮ አፍ ይከፈታል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ዳኛው ከደጅ እየሮጠ ገብቶ እጁን እያወዛወዘ "ተቀመጡ! ተቀመጡ!" ይላል። ሴቶቹ አንድ በአንድ መቀመጥ ጀመሩ። እኔ ልነሳና ሰውዬውን በጥፊ ልለው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እግሬ ተነስቷል።

አባቴ ቀደመኝ። ምርኩዙን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከወንበሩ ኋላ የተጋደመውን ገመድ በእግሩ ፈለገው፣ በእጁ እየተከተለ መስኮቱ ጋ ደረሰ፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሶኬቱን ነቀለው። መዝሙሩ ቃል መሐል ላይ ቀጥ አለ።

ዳኛው አጠገቡ ደረሰ። "ጋሼ፣ ምን ነካዎት?" አለው። አባቴን አንቱ ሲለው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ገመዱን መሬት ላይ ተጥሎ እንዳይረገጥ በመዳፉና በክርኑ መሐል መጠምጠም ጀመረ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ቸኩሎ አልጠመጠመውም። ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፣ የተጠመጠመውን ገመድ ጭኑ ላይ አደረገ፣ ሁለት እጆቹንም ላዩ ላይ ጫነ። ለሴቶቹ "ቤቱ የኔ ነው፣ መብራቱም የኔ ነው። ቀጥሉ" አላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተስ ምን ትጠብቃለህ? እናትህ ናት እኮ።"

ጓዳ ገባሁ። አልጋዋ ስር ተንበርክኬ የማሾውን ጆንያ ገፋሁት።